በር ያላዘጋ ገመድ

«የእሷ እኮ ሣጥን ነው፤ የእኛ ግን እንግዳ ነው። ሣጥን ይጠብቃል፤ እንግዳ አይጠብቅም።»

ጌዲ ይህን የተናገረው ግቢው መሐል ቆሞ፣ ሽርጡን ወገቡ ላይ እያጠበቀ ነው። ድምፁን ዝቅ ላድርግ አላለም። በእኛ ሰፈር ቤትን ከቤት የሚለየው ጣውላና ቆርቆሮ ስለሆነ፣ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ከሌላው ቤት «ይማርህ» ይባላል። እኛ ጎረቤቶቹ ሰማን፤ ሩዝ የምትለቅመው ሚስቱ ሙሚና ሰማች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገሩ የተነገረባት የሟች ወንድሙ ልጅ ሮዳ ሰማች። ፊቷን ታጥባ ከቧንቧው ስትመለስ፣ አንድ ነጭ ወፍራም ገመድ ግቢውን በደረቱ ተሻግሮ፣ በክፍሏ ደፍ ላይ አልፎ፣ የእሷ ሶኬት ላይ ተሰክቶ አግኝታው ነበር። የገመዱ ሌላ ጫፍ ወንዶቹ ጫት የሚቅሙበት ክፍል ውስጥ ነው።

«አጎቴ፣ ይሄ ለምን እኔ ክፍል ገባ?» ብላ ነበር የጠየቀችው። ክፉ ቃል አልወጣትም።

«የዚያኛው ክፍል መስመር ኤሲውን አልሸከምም ብሎ ሲጠፋ ሰነበተ። ዛሬ ደግሞ ቡህ ይመጣል፤ የወደቡ ቡህ! ለልጄ ሥራ ሊያስገባልኝ የመጣን ሰው ላብ እያንጠፈጠፈ ላስቀምጠው?»

«ኮምፒውተሬ እኮ እዚያው መስመር ላይ ነው። ኤሲው ሲነሣ መብራቱን ይስብበታል፣ ሲጠፋ መልሶ ይመታዋል። ይቃጠልብኛል፣ አጎቴ።»

ያን ጊዜ ነው ጌዲ ፊቱን ከእሷ አዙሮ፣ ለሚስቱ የሚነግር መስሎ፣ የሣጥኑንና የእንግዳውን ነገር የተናገረው። ሙሚና ቀና አላለችም። ከሩዙ መሐል አንዲት ጠጠር አነሣች፣ አየቻት፣ ወረወረቻት። ሮዳ አክስቷን ጠብቃ ጠብቃ ወደ ክፍሏ ገባች።

ልጆቼ፣ «ሣጥን» ስለተባለው ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ያንን ኮምፒውተር ሮዳ ራሷ ናት የሠራችው። ቀፎው ከተዘጋ ቢሮ የተጣለ ነው፤ ጎኑ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ማኅተም አለበት። ማዘርቦርዱ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ዱባይ በሚመላለስ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ መጣ። የቀረውን አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ለቃቅማ፣ ወለሉ ላይ አንሶላ ዘርግታ፣ አንድ በአንድ ገጠመችው። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለት መብራቱን ከሶኬት ተቀብሎ ለሌላው ዕቃ የሚያድለው፣ እሱ ብቻ ርካሽ ነበር። «በሚቀጥለው ሠርግ እቀይረዋለሁ» ትል ነበር ሁልጊዜ። መስመሩም ቢሆን የእሷ ነው። ሌላዋ ሴት ልጅ አምባር በምትገዛበት ገንዘብ፣ እሷ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታ፣ ከቆጣሪው እስከ ክፍሏ ወፍራም ሽቦ ለብቻው አስዘርግታ ነበር። ያን ጊዜ ጌዲ «እብድ ናት» ብሎ ስቋል። ዛሬ ግን በእብዷ ሽቦ እንግዳ ሊያቀዘቅዝ ነው።

ሥራዋ ሠርግ ነው። ሠርጋችንን ታውቁታላችሁ፤ የሴቶቹ አዳራሽ ወንድ አይገባበትም። በሩ ሲዘጋ ሻሹ ይወልቃል፣ ፀጉሩ ይፈታል፣ ሐርና ሽቶው ይወጣል፤ በሰላሙ ቀን አንገቷን ደፍታ የምትሄድ እናት ተነሥታ ግጥም ታወርዳለች፣ ከበሮ ይመታል፣ ሌሎቹ ያጅቧታል። ይህን ሮዳ በካሜራ ትቀርጸዋለች፤ ከዚያ ቤቷ ቁጭ ብላ ቆርጣ፣ ቀጥላ፣ አሳምራ ለሙሽራዋ እናት ታስረክባለች። ለወንድ ባለሙያ ሰጥቶ ማስቆረጥማ ግድግዳውን አፍርሶ መንገደኛውን ሁሉ መጥራት ነው። ውል የለም፣ ፊርማ የለም። ሥራው ሲሰጣት የሙሽራዋ እናት መዳፏን ሮዳ መዳፍ ላይ አድርጋ «የወንድ ዓይን አያየውም?» ትላለች። «አያየውም» ትላለች ሮዳ። ስታስረክብም እንዲሁ መዳፍ በመዳፍ ሆኖ «የወንድ ዓይን አላየውም?» ትባላለች፤ «አላየውም» ትላለች። እንጀራዋ በነዚህ ሁለት ቃላት ነው የቆመው። ይህንን ጥያቄ መጀመሪያ ያስተማረቻትም ሙሚና ናት፤ የሮዳ የመጀመሪያ ሥራ የሙሚና ልጅ የቀድራ ሠርግ ነበርና። የክፍሏ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው የሚውለው፤ ገላዋን ስትታጠብ እንኳ አታወልቀውም። በሩ ተቆልፎ ስለሚውልም ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ መዝጊያ አላበጀችም፤ ለከፈተው ሁሉ ይከፈታል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

በዚያን ዕለት የነበረባት የሐጂያ ደጋን ልጅ ሠርግ ነው። ሙሽራዋ በማግሥቱ ወደ ባሏ አገር ትበራለች፤ እናቲቱ ለመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መጥታ ፊልሙን ልትረከብ ቀጠሮ ይዛለች። ሮዳ ሌሊቱን ሠርታ የቀረቻት የመጨረሻዋ ቁራጭ ብቻ ናት። ገመዱን ነቅላ መጣል እጇ ላይ ነበር። ግን አጎት ነው፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያኖራት ቤት ነው፤ ቶሎ ልጨርስና ልዝጋው ብላ ተቀመጠች።

ቀትር ተቃረበ። የጅቡቲን የሐምሌ ቀትር ያየ ያውቀዋል፤ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ጌዲ የጫቱን ክፍል ሲያዘጋጅ ዋለ። የቤቱ ጥሩ ክፍል ያ ነው፦ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ ሰማያዊ ትራሶች፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ ግድግዳውን ግማሽ የሚሸፍን ቴሌቪዥን፣ በረዶ የሚያዝበት ቀይ ቴርሞስ። ሴቶቹ ያላቸው ግቢው፣ ኩሽናው፣ የቧንቧው ሥርና ከዚያ የተረፈው ጥላ ነው። አንድ ወንድ በአንድ ከሰዓት የሚቅመው ጫት የዚያን ቤት የሳምንት ዓሣ ይገዛል፤ ይህን ሙሚና ለሩዟ ስትነግረው ሰምቼ አውቃለሁ፣ ለባሏ ግን ስትነግረው አልሰማሁም። እንግዲህ ጌዲ ሁሉን አሰናድቶ ኤሲውን ለመሞከር ቁልፉን ተጫነ። በግቢው ያለ አምፖል ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ፣ መልሶ ገለጠ። አጠፋው። ቅዝቃዜው አልደረሰኝም ብሎ እንደገና አበራው። ያኔ ከሮዳ ክፍል የቡሽ መክደኛ ተፈናጥሮ ሲወጣ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ የዓሣ አጥንት የመሰለ ሽታ ወጣ።

ሮዳ ሶኬቱን ነቀለች፣ ቀፎውን ገለጠች፣ ጭሱን በእጇ በተነች። የፓወር ሰፕላዩን ሽቦዎች ከሌላው ዕቃ አላቃ፣ ለብቻው ሰክታ፣ በትንሽ ሽቦ አረንጓዴውን ከጥቁሩ አገናኘችው፤ በሕይወት ካለ ማራገቢያው መዞር ነበረበት። አልዞረም። ሌላው ዕቃ ደህና ይሁን አይሁን የሚታወቀው አዲስ ፓወር ሲገጠም ነው። ጌዲ በዚያ መሐል በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል።

«አየሽ? ሣጥንሽ ቤቱን ሊያነድብን ነበር!»

«ኤሲው ነው ያቃጠለው፣ አጎቴ። ብያለሁ እኮ።»

«ኤሲው ይሠራል። ያንቺው ነው የሞተው። በዳዩ ይሄዳል፣ ተበዳዩ ይሞታል እንዴ?» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

«ገመዱን ልንቀለው። በሬን ልቆልፍና ፓወር ልፈልግ ልውጣ።»

«ሞቷል አላልሽም? ለሬሳ መስመር ምን ያደርግለታል?»

ይህን ብሎ ሄደ። አያችሁ ነገሩን! መስመሩን ወሰደ፣ ዕቃዋን ገደለ፣ መግደሉን ደግሞ ለመስመሩ መውሰጃ ምክንያት አደረገው። ሮዳ በሩን ለመዝጋት ሞከረች። ገመዱ እጣት ያህል ወፍራም ስለሆነ በሩ ደፉ ላይ ይነክሰውና ይመለሳል፤ ቁልፉ ቀዳዳውን አያገኝም። ሁለቴ ሦስቴ በትከሻዋ ገፋችው። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ፊልሞቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ፈትታ ልትይዘው አሰበች፤ ግን ስትመለስ እንደገና መግጠሙና ማስተካከሉ መግሪብን ያሳልፍባታል ብላ ተወችው። የሞተውን ፓወር ሰፕላይ፣ ሶኬቶቹን ለማመሳሰል፣ የገበያ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። ሙሚና ቧንቧው ሥር ለእንግዳው እራት የመጣውን ዓሣ እያጠበች ነበር።

«አክስቴ፣ በሬ አልዘጋ አለ። አደራ፤ ማንም እንዳይገባ። ምን እንዳለ ታውቂያለሽ።»

«ሂጂ» አለች ሙሚና፤ «እኔ አለሁ።»

በዚህ ከተማ ቀትር ሲሆን የጫቱ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዐስር ሰዓት ድረስ ሱቅ የሚባል ነገር አይከፈትም። ባለሱቁ ቤቱ ትራሱ ላይ ነው፤ ያልተኛውም ጉንጩን ነፍቶ ተጋድሟል። ሮዳ በጥላ በጥላ እየሄደች የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫዎቹን ደጃፍ አንኳኳች። አንዱ ከውስጥ «ነገ!» አላት። ሌላው ጋ ዘበኛው ካርቶን ላይ ተኝቶ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ በጣቱ ሂጂ አላት። አስፋልቱ በነጠላ ጫማዋ ውስጥ ያቃጥላል። ዘንቢሏ ውስጥ ያለው ብረት በየእርምጃው ጭኗን ይመታታል፤ በመታት ቁጥር ንዴቷ ይጨምራል። ላጎቷ ያልመለሰችለት መልስ ሁሉ አሁን መጣላት፤ መንገድ ላይ ብቻዋን ታወራ ጀመር። በመጨረሻ ወደ ፊልሰን ሄደች። ፊልሰን ባሏ የሞተባት፣ ገበያው ጀርባ ፎቶ ኮፒ የምታነሣ ሴት ናት፤ ከሱቋ ኋላ ነው የምትኖረው።

ፊልሰን በሌሊት ልብሷ ሆና ከፈተች። ሮዳ ዘንቢሉን ከፍታ አሳየቻት። ፊልሰን አፍንጫዋን ያዘች።

«ማን ገደለው?»

«ለአጎቴ የሚመጣ እንግዳ።»

«እንግዳው ገና ሳይመጣ?»

«ሳይመጣ።»

ፊልሰን ሌላ አልጠየቀችም። ያላት ኮምፒውተር አንድ ነው፤ ነገ ጠዋት ተማሪው ሁሉ ወረቀት ሊያሳትም ይመጣባታል። ቢሆንም ከመሳቢያ መፍቻ አወጣች። «ሐጂያ ደጋን ስትሄድ ትመልሺልኛለሽ» አለች፤ ከዚያ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተንበርክከው የፊልሰንን ፓወር ሰፕላይ ይፈቱ ጀመር። ሮዳ ልታመሰግናት አፏን ስትከፍት ፊልሰን በመፍቻው ጉልበቷን መታ አደረገቻት። «ዝም በይ። የእኔም ፀጉር እዚያ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው።»

ሮዳ ስትመለስ ዐስር ሰዓት አልሞላም። ግቢው በር ላይ ስትደርስ ከሩቅ እልልታ ሰማች። የሰፈር ሠርግ መስሏት ነበር፤ ማን ነው በዚህ ሙቀት የሚድር አለች። ገባች። በጫቱ ክፍል ደጃፍ የወንዶቹ ጫማ ተከምሯል። ሙሚና ቧንቧው ሥር በርጩማዋ ላይ ናት፤ ዓሣው ጭኗ ላይ፣ ቢላዋው በእጇ፣ ግን እጇ አይንቀሳቀስም። ውሃው ለራሱ ይፈስሳል። የሮዳ ክፍል ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጠረጴዛው ላይ የአቧራ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል።

«የት ሄደ?»

ሙሚና በአገጯ ወደ ወንዶቹ ክፍል አመለከተች። «ዋይስ መጣ» አለች። ዋይስ ማዕዘኑ ላይ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚጠግን የሰፈር ሰው ነው፤ ጫቱንም የሚቅመው ከጌዲ ጋር ነው። «አጎትሽ ‘እስቲ ለልጅቷ ሥራላት፣ ስታኮርፍ እንዳትውል’ አለው። ከሱቁ አንድ አሮጌ ፓወር አምጥቶ፣ ተሸክመውት ገቡ።»

«አንቺስ?»

መልሱ ከክፍሉ ውስጥ መጣ። ከበሮ ተመታ፤ ከዚያ አንድ የሴት ድምፅ፣ ወፍራም፣ እንደ ማር የሚሳብ፣ ተነሣ። ሮዳ ድምፁን ለየችው። ደግማ ደጋግማ ቆርጣዋለች፣ ቀጥላዋለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፣ በተራም የመጀመሪያው ነው፤ ዋይስ ለመሞከር ከላይ ያገኘውን ከፍቷል። ድምፁ የሙሚና ነው። ልጇን ቀድራን ስትድር፣ ሻሿን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ሽበቷን በሂና አቅልታ፣ ሴት ለሴት የወረወረችው ግጥም፦

*ልጄ ሆይ ስሚኝ፣ የወርቄ ጉትቻ፣*
*ቤት የሚቆመው በወንድ አይደለም ብቻ፤*

ሮዳ ወደ በሩ ሮጠች። ወንዶች ወዳሉበት ሴት አትገባም፤ ጫማዎቹ መሐል ቆመች። ኤሲው ያጉረመርማል፤ ሣጥኑም ቴሌቪዥኑም በዚያው ነጭ ገመድ ላይ ተሰክተዋል። ትራሱ ሁሉ ሞልቷል። ግድግዳው ላይ፣ ሰው ያህል ገዝፋ፣ ሙሚና እጇን ዘርግታ ትዘፍናለች፤ ከኋላዋ የሰፈሩ ሴቶች ፀጉራቸውን ፈትተው ያጨበጭባሉ። ዋይስ ማውሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ይኸው፣ ሥዕሉም ድምፁም ደህና ነው» ይላል። ግን ማንም «ጎሽ» አላለውም። አንዱ ጎረቤት በድንገት የቴርሞሱን ክዳን ይመረምር ጀምሯል፤ ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከኋላ የሚያጨበጭቡት የየቤታቸው ሴቶች መሆናቸውን እያወቁ ነው። ጌዲ ጉንጩ እንደተነፋ ደርቋል።

«በቃ፣ አጥፋው» አለ ጌዲ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ።

«ተወው እንጂ!» አለ ቡህ፣ የወደቡ ሰው፣ በትራሱ ላይ ቀና ብሎ። ከሰፈሩ አይደለም፤ ስክሪኑ ላይ ካሉት ማንንም አያውቅም። «ማሻአላህ፣ ይህ ድምፅ! ጌዲ፣ ይቺ የማን ሴት ናት?»

ጌዲ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ጣለ። ልጆቼ፣ ከዚያ ቀን ክፋት ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሠላሳ ዓመት ዓሣውን ያጠበችለት፣ ሩዙን የለቀመችለት ሴት፣ ግድግዳ አክላ ፊቱ ቆማ፣ የማን ናት ሲባል፣ «የኔ ናት» የሚል ቃል ከአፉ አጣ። ዋይስ አንዴ ጌዲን አንዴ ቡህን ያያል፤ እጁ ማውሱ ላይ ቀርቷል። ግጥሙ ይቀጥላል፦

*ጥሩንባው ሲነፋ፣ ቅጠሉ ሲገባ፣*
*ባልሽ ሱልጣን ይሆናል፣ ሽርጡም ካባ፤*

«አጎቴ፣ ያጥፉት!» ብላ ሮዳ ከበሩ ጮኸች።

ጌዲ ያገኘው የሚቆጣው ሰው ነበር። «ወንዶች መሐል ምን ትጮሂያለሽ! አሠራሁልሽ እኮ! ማመስገን አታውቂም?»

ሮዳ ተመለሰች። ግቢውን በሦስት እርምጃ አቋረጠችው፤ ክፍሏ ገባች። የነጩ ገመድ ሶኬት እንደ በሽተኛ ግንባር ይፋጃል። ከወንዶቹ ክፍል፦

*ፎቅ ይሠራልሻል በአፉ ቅጠል ይዞ፣*
*መርከብ ይገዛልሻል በሐሳቡ ተጉዞ፤*

ነቀለችው።

ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ኤሲው አንዴ አቃስቶ ዝም አለ፣ ከበሮው ተቆረጠ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በሰፈራችን ሰምቼ አላውቅም። ሙቀቱ በሩን ገፍቶ ሲገባባቸው የሚሰማ ይመስል ነበር። ከዚያ በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ያው ድምፅ፣ ያው ወፍራምና የሚሳብ ድምፅ፣ ከቧንቧው ሥር ተነሣ። ሙሚና ከበርጩማዋ አልተነሣችም። ዓሣውን ገልብጣ ቅርፊቱን በቢላዋ እየፋቀች፣ ከተቆረጠበት ቀጠለችው፦

*ማታ ሲነቃልሽ ፎቁም የለ መርከብ፣*
*ጫማውን ፈልጊለት ከበሩ አጠገብ።*

ቡህ አሁን የማን ሴት እንደሆነች ገባው። መጀመሪያ የወጣውም እሱ ነው። ኋላ ኋላም ሌሎቹ፣ አንድ በአንድ፣ በእጃቸው የያዙትን ቅጠል ሳይጨርሱ። ከተከመረው ጫማ የየራሳቸውን ሲፈልጉ ጎንበስ ጎንበስ ይላሉ፤ አንዱ በችኮላ የሌላውን አጥልቆ ሄደ። በሙሚና ፊት ማለፍ ግድ ነበረባቸው፤ ቅርፊቱ እግራቸው ሥር እየረገፈ አለፉ። አንዳቸውም «ደህና ዋይ» አላሏትም። ዋይስ መጨረሻ ላይ ሣጥኑን አቅፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ ሮዳ ደጃፍ አስቀመጠው። «እህቴ፣ በአላህ ለመሞከር ብዬ ነው» አለ። «ሠላሳ ዓመት ዕቃ ትጠግናለህ፤ መጀመሪያ ባለቤቱን መጠየቅ አልተማርክም?» አለችው ሮዳ። ጌዲ ከክፍሉ አልወጣም።

ሮዳ የዋይስን አሮጌ ፓወር ነቅላ ለራሱ ወረወረችለት፤ የፊልሰንን ገጠመች። ብሎኑ ሁለቴ ወደቀባት። ማራገቢያው ዞረ። የሐጂያ ደጋን ልጅ ፊልም እንዳለ ነበር፤ አልተነካም። የቀረችውን ቁራጭ ትቀጥል ጀመር።

ሐጂያ ደጋን ለመግሪብ መጣች፤ ትልቅ ሴት ናት፣ ግቢ ስትገባ ግቢው ይጠብባታል። የሮዳን መዳፍ ወሰደች።

«የወንድ ዓይን አላየውም?»

ሮዳ «አላየውም» ብትል እውነት ነበር፤ የሙሽራዋን ማንም አላየም። «የልጅዎን አላየም፣ ሐጂያ» አለች። «ግን ሣጥኑ ዛሬ ከእጄ ወጥቶ ነበር። ወንዶች ክፍል ገብቶ ነበር። የሌላ ሰው ታይቷል።»

ሐጂያ ደጋን መዳፏን ሳበች። ፊቷ ጠቆረ። «እኔ ልጄን አምኜ…» ብላ ጀመረች።

«የእኔን ነው ያዩት» አለች ሙሚና ከኋላዋ፤ ቢላዋዋን እንደያዘች መጥታ ቆማለች። «አደራ የተባልኩትም እኔ ነኝ። ተሸክመው ሲገቡ እያየሁ ዝም አልኩ። ልጅቷን አትቆጪ፤ መቆጣት ካለብሽ እኔን ተቆጪ።»

ሐጂያ ደጋን አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። «በሩ ለምን አልተቆለፈም?» አለች በመጨረሻ።

ሙሚና ጎንበስ ብላ፣ ደፉ ላይ እንደተጋደመ የቀረውን ነጩን ገመድ በአንድ እጇ አነሣችው፤ በዓሣው ቢላዋ ገዝግዛ ቆረጠችው። ቁራጩን በእግሯ ወደ ውጭ ገፋችው። ሐጂያ ደጋን ያን ጊዜ ጫማዋን አወለቀች፣ ሮዳ አልጋ ላይ ተቀመጠች፣ «በይ ጨርሺ፤ እጠብቃለሁ» አለች።

ሙሚና ከውስጥ በሩን ልትዘጋው ስትይዘው፣ ከጨለመው ክፍል የጌዲ ድምፅ ተሰማ፤ ብቻውን ተቀምጦ በላብ እየታጠበ ነው።

«ሙሚና! ሙሚና፣ ይሄ መብራት ምን ሆኖ ነው? ኧረ ሞቀኝ!»

«ሣጥን ይጠብቃል አላልክም?» አለችው፤ ድምፏን ዝቅ ላድርግ አላለችም፤ እኛም ሁላችን ሰማን። «አሁን ደግሞ አንተ ጠብቅ።»

በሩም ገጠመ። ቁልፉ ሲዞር ከእኛ ቤት ተሰማ።